ከግድግዳው የነቀልኩት ጣውላ

ሐይቅ ዳር የሠራሁትን አንድ ቤት ዛሬም ሰዎች ፎቶውን ስልካቸው ላይ እያሳዩ «እንደዚህ አድርገሽ ሥሪልን» ይሉኛል። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ወለል፣ ከጣሪያ እስከ መሬት የሚደርስ መስታወት፣ ከመስታወቱ ማዶ ሐይቁ። የሠራሁት እኔ መሆኔን የሚያውቁ ደግሞ ያደንቁኛል። አመሰግናለሁ ብዬ ቶሎ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ግን ወሬ ሳልቀይር ልጻፈው። ብዙ ዓመት አፍኜ ይዤዋለሁ፤ አልወጣልሽ ብሎኛል።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሚሊኒየሙ ተከብሮ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ሐዋሳ በየሰፈሩ ግንባታ የሚካሄድባት፣ ሲሚንቶ በወረፋ፣ መብራት በፈረቃ የሚገኝበት ጊዜ። አዲስ አበባ ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ሰው ቢሮ ተቀጥሬ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ስስል ከቆየሁ በኋላ ወዳደግሁበት ከተማ ተመለስኩና ባህል አዳራሽ አካባቢ አንዲት ክፍል ቢሮ ተከራየሁ። አርክቴክት ነኝ ብል የሚሰማኝ አልነበረም። ሁሉም «ኢንጂነር» ይለኛል፤ እኔም ለመድኩት።

በራሴ በጣም እመካ ነበር። ከውጭ መጽሔቶች የቀደድኳቸውን የባዶ ክፍል ፎቶዎች ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ፣ የሀብታም ቤት ማለት ዕቃ የማይታይበት ቤት ነው ብዬ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም እሰብክ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ቢሮዬ መጥታ ፎቶዎቹን አየት አየት አደረገችና «እነዚህን ሰዎች ሌባ ነው እንዴ የዘረፋቸው?» አለችኝ። አኮረፍኳት።

የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ የሰጠኝ ዳንኤል የሚባል አዲስ አበባ የሚኖር ነጋዴ ነው። አባቱ አቶ ጴጥሮስ ሐዋሳ ገና ከተማ ስትሆን ከወላይታ መጥተው በጨርቅ ንግድ የከበሩ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አባባ ጴጥሮስ» የሚላቸው ሰው ነበሩ። ቤቱን በንጉሡ ጊዜ ነው ያሠሩት። ከቀይ ድንጋይ የተገነባ፣ ጣሪያው በዝግባ የተለበጠ፣ ኮሪደሩ ረጅምና ጠባብ የሆነ ቤት ነው። ደርግ ሌሎች ቤቶቻቸውን ሲወርስ የቀረላቸው እሱ ብቻ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቀን ቀን መጥታ ምግብ የምታበስልላቸው ሴት ብትኖርም ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ዳንኤል አባቱን ይወዳል። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን እሱ ላይ ጥዬ እገላገል ነበር። «አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨለማ ቤት ውስጥ ኖረዋል» አለኝ ቢሮዬ ተቀምጦ። «ብርሃን ላስገባላቸው እፈልጋለሁ።» ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ አባቱ ሶዶ እህታቸው ዘንድ ሁለት ወር ይቆያሉ። ለእሳቸው ቀለም ሊቀባ ነው ተብሎ ይነገራቸዋል። ሲመለሱ ቤቱ አዲስ ሆኖ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

ልለካ የሄድኩ ቀን አባባ ጴጥሮስ ራሳቸው ቤቱን አዞሩኝ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከፊቴ ከፊቴ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። ከሳሎኑ በር ጀምሮ በኮሪደሩ በኩል እስከ መኝታ ቤታቸው ድረስ በወገብ ቁመት ግድግዳው ላይ የተመታ የዝግባ ጣውላ ነበር፤ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ከመነካት ብዛት የሚያብለጨልጭ። ቀኝ እጃቸው ከሱ አልተለየም። የየክፍሉ በር ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ደፍ ነበረው፤ እኔ ሁለት ጊዜ አደናቀፈኝ፣ እሳቸው ግን ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እግራቸውን ከፍ እያደረጉ ያልፉታል። ሽማግሌው ምን ያህል ጠንካራ ናቸው ብዬ አደነቅሁ።

መጨረሻ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ቀለሙን እንደወደዳችሁ ቀቡት። ይቺን እንጨት ግን አትንኩብኝ። ደፎቹንም።»

«እሺ አባባ።»

«ቃልሽ ነው?»

«እሺ አልኩዎት እኮ አባባ፤ ምን ችግር አለው።»

«ተባረኪ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው መጀመሪያ ትከሻዬን አገኘ፤ ከዚያ ወደ ራሴ ሄደ። ጎንበስ አልኩላቸውና መረቁኝ።

እኛ ቤት ስናድግ ትልቅ ሰው ፊት እምቢ አይባልም ነበር። ትልቅ ሰው ያለውን እሺ ትያለሽ፣ ከዚያ ዞር ብለሽ የምታደርጊውን ታደርጊያለሽ። ውሸት ነው ብሎ የሚያስብም የለም፤ ጨዋነት ነው። እኔም ያን ቀን ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እሺ ስል እጄ ላይ በነበረው የአዲሱ ቤት ንድፍ ውስጥ ጣውላውም ደፎቹም የሉም ነበር።

ለዳንኤል አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ላለመደበቅ ያህል። «አባባ ያንን እንጨት ይወዱታል መሰለኝ» አልኩት። ሳቀ። አሮጌ ነገር እንደሚወዱ፣ አዲሱን ሲያዩ ግን አሮጌውን እንደሚረሱት ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ መስማት የፈለግሁት እሱን ነበር።

ሥራው ተጀመረ። ሳሎኑንና መመገቢያ ክፍሉን የሚለየውን ግድግዳ አፈረስኩ። በሐይቁ በኩል ያለውን የመመገቢያ ክፍሉን ግንብ አስወገድኩና ከዳር እስከ ዳር መስታወት አደረግሁት። ወለሉ ከውጭ በር እስከ መስታወቱ አንድ ወጥ እንዲሆን ደፎቹን ሁሉ አስነቀልኩ። የጣውላው ተራ የደረሰ ቀን ላሚሶ የሚባለው አናጢያችን ጠራኝ። ላሚሶ የሲዳማ ሰው ነው፤ ቁጥብ፣ ሥራውን የሚያከብር፣ እኔ ካልጠየቅሁት የማይናገር።

«ኢንጂነር፣ ይሄን እይው» አለኝ።

ጣውላው ላይ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ በቢላ የተቆረጠ አንድ ምልክት አለ። መኝታ ቤቱ ጋ ሁለት። በረንዳው መውጫ ጋ ሦስት። ቁርጡ ገና አልደበዘዘም፤ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ያረጀ አልነበረም።

«ይሄ የአናጢ ሥራ አይደለም» አለ ላሚሶ። «ሰው ለራሱ ያደረገው ነው። ሽማግሌውን ደውለሽ ጠይቂያቸው።»

የሶዶው ስልክ ደብተሬ ውስጥ ነበረ። አልደወልኩም። ምስጥ የበላው ነው ብለው የሚታለል አናጢ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ «አሠሪያችን ዳንኤል ነው፣ እሱ ፈቅዷል» አልኩት። ያልደወልኩት ረስቼ አይደለም፣ ጊዜ አጥቼም አይደለም። ብደውል አትንቀይ እንደሚሉኝ ስላወቅሁ ነው። ላሚሶ ምስማሩን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ሳይሰብር አወረደው። እኔ በማግስቱ ለዘበኛው ማገዶ ይሁን ብዬ ሰጠሁት።

ፕሮግራሙ የተያዘው እሁድ ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ሃምሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። አዲስ ቀሚስ ለብሼ መስታወቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። እዚያው ሐይቅ ዳር ሆቴል ያላቸው አንድ ሰውዬ አጠገቤ ሆነው የሆቴላቸውን እድሳት ልስጥሽ እያሉኝ ነው፤ ጆሮዬ እሳቸው ጋ፣ ዓይኔ በሩ ላይ።

መኪናዋ ቆመች። ከሶዶ ያመጣቻቸው ከከተማው ዳር፣ ቱላ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ማርታ ናት። ዳንኤል አባቱን ደግፎ የውጪውን ደረጃ አወጣቸው፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ለቀቀና «አባባ፣ መጀመሪያ የሚገቡት እርስዎ ነዎት» አላቸው። ጭብጨባው ቀለጠ። ሴቶቹ እልል አሉ።

አባባ ጴጥሮስ በሩ ላይ ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ወደ ግድግዳው ሄደ። ወደ ላይ አለ፣ ወደ ታች አለ፣ ለስላሳውን ግድግዳ ዳበሰና ተመለሰ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ እንዳለ ቀረ።

«የማን ቤት ነው ያመጣችሁኝ?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ የሚበልጥ መሰለኝ። ሆቴል ያላቸው ሰውዬ ክንዴን መታ መታ አድርገው «አየሽ፣ አላወቁትም» አሉኝ።

ማርታ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸውና አዲሱ ግራጫ ሶፋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዳንኤል ሶፋውን አውቆ ነው የአባቱ ወንበር ድሮ በነበረበት ቦታ ያስቀመጠው፤ ይህንንም ነገራቸው። «እዚሁ ነው?» ብለው ጠየቁት። «እዚያው ነው አባባ፣ አልተንቀሳቀሰም» አላቸው። ትንሽ ተረጋጉ። እኔ ግን የበሩ ላይ እጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ዕድሜ ነው አልኩ፣ መንገድ አድክሟቸው ነው አልኩ። ላሚሶ ያሳየኝ ሦስቱ ምልክት መጣብኝ፤ አባረርኩት።

መዝሙር ተዘመረ፣ ፓስተሩ አጭር ቃል አካፈሉ። ምግቡ በግራ በኩል፣ ግድግዳውን ተከትሎ በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል፤ እንግዳው ሁሉ ወደዚያው ተሰብስቦ ቆመ። ማርታ ጓዳ ገብታለች። ዳንኤል ከጠረጴዛው አጠገብ ሆኖ «አባባ፣ ይምጡና ማዕዱን ይባርኩልን» ሲል ተጣራ።

ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። ሰው ወደቆመበት ወደ ግራ አልዞሩም። ቀጥ ብለው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ እኔ አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት እርምጃ። ስድስተኛው ላይ፣ ምንም በሌለበት በነጩ ወለል መሐል፣ ቀኝ እግራቸውን ከፍ አድርገው አሻገሩና አሳረፉ።

ድሮ የመመገቢያ ክፍሉ ደፍ የነበረው እዚያ ላይ ነው። ከሃምሳ ሰው መሐል ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በመዶሻ አስነቅዬ፣ ሲሚንቶ አስሞልቼ፣ በእጄ ዳብሼ ለጥ ማለቱን አረጋግጫለሁ። ያኔ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። እጃቸው፣ ትከሻዬን ያገኘው መዳፍ፣ በቢላ የተቆረጠው ጣውላ። አባባ ጴጥሮስ አያዩም። ምናልባት ለብዙ ዓመት አላዩም። ልጆቻቸውም አያውቁም።

ከእኔ የአንድ ክንድ ርቀት ላይ አለፉ። የልብሳቸው የሳሙና ሽታ ደረሰኝ። እጄን ብዘረጋ ክንዳቸውን እይዛቸው ነበር፤ «አባባ፣ በዚህ በኩል» ብዬ ቀስ አድርጌ ባዞራቸው ማንም ልብ አይልም ነበር፤ ሽማግሌ ማገዝ ወግ ነው። አልዘረጋሁም። ቆይቶ ለራሴ እንዳላዋርዳቸው ብዬ ነው ስል ከርሜያለሁ። አይደለም። ሆቴል ያላቸው ሰውዬ አጠገቤ ነበሩ፤ ቤቴ ውስጥ የተሳሳተ ነገር እንዳለ እንዲያውቁ አልፈለግሁም። ቤቴ ነው ያልኩት፤ የሰው ቤት መሆኑን እንኳ ረስቼ።

የድሮው ጠረጴዛቸው ራስጌ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸው ወደ መስታወቱ፣ ጀርባቸው ወደ ሕዝቡ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መጸለይ ጀመሩ። መጀመሪያ ሰዉ ሐይቁን እያዩ ሊጸልዩ ፈልገው ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። ድምፃቸው ግርማ ነበረው። ባለቤታቸውን አነሡ፣ ልጆቻቸውን አነሡ፣ ከዚህ ቤት ሳይወጡ እግዚአብሔር እዚሁ እንዲያሳርፋቸው ለመኑ። ከዚያ «ይህንንም ማዕድ» ብለው ቀኝ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ወደፊት ዘረጉ።

እጃቸው መስታወቱን መታው።

ትንሽ ድምፅ ነበር። ጸሎቱ ተቋረጠ። በጣቶቻቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ግራ እጃቸውንም አመጡና ሁለቱንም መዳፍ መስታወቱ ላይ አድርገው ቆሙ። ከኋላ አንዲት ሴት በቀስታ «አባባ፣ እኛ በዚህ ነን» አለች። ወደ ድምፁ ዞሩ። የሃምሳ ሰው ፊት ወደ እሳቸው ነው፤ የእሳቸው ዓይን ግን ከሰዉ ራስ በላይ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ ነው።

«አሜን» አሉ።

ሰዉ አሜን ያለው ዘግይቶ ነው።

ዳንኤል ሰዉን እየገፋ መጣና ፊታቸው ቆመ። «አባባ፣ አያዩም እንዴ?»

«ብርሃን አያለሁ» አሉት። «ብርሃንማ ዛሬ በዝቷል።»

ሰዉ ምግቡን ቀማምሶ ወጣ። ዳንኤል ግቢ ውስጥ ከመኪናው ኋላ ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅሳል። እኔ ሹልክ ብዬ ልሄድ ቦርሳዬን ሳነሣ «ያቺ ኢንጂነር አለች?» ሲሉ ሰማሁ። መጥቼ ከሶፋው አጠገብ በርከክ አልኩ። ልጅነቴ ተመለሰብኝ፤ እንደሚቆጡኝ ጠበቅሁ። አልተቆጡም።

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ዓይን ሆነዋቸው እንደነበር ነገሩኝ። ዓይናቸው ከዳር ከዳር ሲጨልም ከሁለቱ በቀር ማንም አላወቀም። ባለቤታቸው ሲያርፉ ልጆቹ አዲስ አበባ ካልወሰድንዎ ብለው ነበር፤ ብቻዬን እችላለሁ ብለው ሞገቱ። አለማየታቸው ቢታወቅ በማግስቱ ከቤታቸው እንደሚያወጧቸው ስላወቁ ምልክቶቹን በቢላ ቆርጠው፣ እርምጃ ቆጥረው፣ ሦስት ዓመት ኖሩ። ሶዶ ሳሉም እግሬን አሞኛል ብለው፣ ሰው እየደገፋቸው ነው ሁለቱን ወር ያሳለፉት።

«ለምንድን ነው እሺ ያልሽኝ?» አሉኝ ከዚያ በኋላ።

«አከብርዎት ስለነበር ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የገባኝ ያኔ ነው።

«እምቢ ብትዪኝ ምክንያቱን እነግርሽ ነበር» አሉኝ። «ለልጆቼ ያልነገርኩትን ለአንቺ እነግርሽ ነበር። እሺ ስትዪኝ አመንኩሽና ዝም አልኩ።»

ነገውኑ ሌላ ጣውላ አስመታለሁ፣ ደፎቹንም እመልሳለሁ አልኩ፤ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን ሁሉም አይቷቸዋል፤ ከእንግዲህ ብቻቸውን የሚተዋቸው የለም። እውነታቸውን ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማርታ ልብሳቸውን በአንድ ሻንጣ ይዛ ቱላ ወደሚገኘው ቤቷ ወሰደቻቸው።

ቱላ ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ማርታ የምትችለውን ሁሉ ታደርግላቸዋለች፤ ግን ቤቱ የሰው ነው። ከወንበራቸው ለመነሣት «ማርታ» ብለው ይጣራሉ፣ ቶሎ ካልመጣች ተመልሰው ይቀመጣሉ። በሄድኩ ቁጥር ደህና ተቀበሉኝ፤ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አላነሡም። አራተኛውን መሄድ አቃተኝ። ሆቴል ያላቸው ሰውዬ ሥራውን ሰጡኝ። ተቀበልኩ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ከዚያ ወዲህ ለሽማግሌና ለአሮጊት ባለቤቶች ስሠራ፣ የማላደርገውን ነገር ሲጠይቁኝ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አይሆንም አባባ፣ አይሆንም እማማ» እላለሁ። ደፋር ይሉኛል፤ ያሳደገኝን የሚያሙ አሉ። ይበሉ። አይሆንም ስላቸው ይከራከሩኛል፤ ሲከራከሩኝ የሚፈልጉትን እሰማለሁ። ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ ለመገላገል ብቻ እሺ አትበሉት። ቢያዝንባችሁ እንኳ እምቢ በሉትና አጠገቡ ቁጭ በሉ። ይህን ማለቴ ለእኔ ምንም አይመልስልኝም፤ ቆጭቶኛል፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

አባባ ጴጥሮስ ያረፉት በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው። የማርታ ቤት ለቀስተኛውን ስለማይችል አስከሬናቸው ሐይቅ ዳር መጣ። ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ ዝናቡ ሲበረታ አፈሰሰና ሰዉ ሁሉ ወደ ሳሎኑ ገባ። ሳጥኑ መስታወቱ አጠገብ ተቀመጠ። ዘማሪው፣ ዘመዱ፣ ከሶዶ የመጣው ሁሉ ገባ፤ ማንም ውጭ አልቀረም። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ማን መሆኔን ሳያውቁ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና «የሠራውን ሰው እግዜር ይስጠው፤ ምን የሚያህል ሰፊ ቤት ነው፣ ለለቅሶ ይመቻል» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ቀብሩ ለማግስቱ ስለነበር ሳጥኑ እዚያው አደረ። አባባ ጴጥሮስ እኔ በሠራሁት ቤት ያደሩት ያንን አንድ ሌሊት ብቻ ነው።